ነጎድጓድ ሲመጣ የሚጠፋው ቡና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ደጄን ለምዶታል። አንዱ ሞባይል ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ካውያ ይዛ ትመጣለች፤ በቀደም ደግሞ ጎረቤቴ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዳይለት ጠራኝ። እምቢ ስለው ቅር ብሎት «አንተ የኮምፒዩተር ሰው አይደለህ እንዴ?» አለኝ። ነኝ እንጂ። ግን ቧንቧ እዚህ ምን ቤት ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ ሥራዬ ምን እንደነበር ለአንድ ሰው እንኳ ማስረዳት ሳልችል መውጣቴ ያበሽቀኛል።

የገዛ ልጆቼ «አባባ ኮምፒዩተር ይጠግን ነበር» ይላሉ። አልጠግንም ነበር። ኮምፒዩተር ሲበራ ሰው የሚያየው ስክሪኑን ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ግን ማንም ሳይጠራቸው ተነስተው፣ ማንም ሳያያቸው ሲሠሩ የሚውሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሰርቪስ እንላቸዋለን። አንዱ ከየክፍሉ የሚላከውን ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ማተሚያው ያደርሳል፣ ሌላው ሰዓት ያስተካክላል፣ ሌላው የሚመጣውን መረጃ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ሰርቪስ አጭር የትእዛዝ ፋይል አለው፤ ፋይሉ መቼ እንደሚነሳ፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚነሳ፣ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ይነግረዋል። አሥር መስመር ቢሆን ነው። እኔ የኖርኩት እነዚያን አሥር አሥር መስመሮች በማንበብ ነው፤ የደም ግፊትም ያተረፍኩት ከእነሱ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ቴፒ ውስጥ፣ በአንድ የቡና ድርጅት የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ ነው። የዝናቡንና የለቀማውን ወሬ «ኦቨር፣ ኦቨር» እያልኩ ሳስተላልፍ ከርሜ አንድ ቀን ኮምፒዩተር በመኪና ተጭኖ መጣ። ሬዲዮ የሚያውቅ ኮምፒዩተር አያቅተውም ተባለና እኔ ላይ ተጣለ። ያስተማረኝ ጋሽ ተካልኝ ነው። ዕድሜውን በስልክ ጥገና ያሳለፈ፣ ረዥም፣ ቁጡ፣ ሻይ እንኳ ሲጠጣ የሚቸኩል ሰው ነበር። ፋይል ፊት ሲቀመጥ ግን ያ ሁሉ ችኮላ የት እንደሚገባ አላውቅም። ሁለት እጁን ከወንበሩ ጀርባ አጣምሮ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያነባል። እጁን የሚያጣምረው እንዳይነካ ነው። እኔ ጣቴን ወደ ቁልፎቹ ከሰደድኩ «አትንካ፣ አንብብ!» ብሎ ይጮህብኛል።

አንብቦ ሲጨርስ የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጣል። ከዚያ አንድ መስመር ብቻ ይለውጣል። አንድ ብቻ። ሁለተኛውን ለመለወጥ የመጀመሪያው ምን እንዳመጣ ማየት አለበት። «ሁለቱን አንድ ላይ ብትለውጥና ቢበላሽ ማንኛውን ትጠይቃለህ?» ይለኝ ነበር። ደግሞ አንድ የሚያናድድ ልማድ ነበረው፤ ፋይሉን ካነበበ በኋላ «እዚህ ምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ያለውን ገና ሳልረዳ የሌለውን ከየት ላምጣ? እበሽቅበት ነበር። እሱ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚል ሰው ነበርና የቀረውን እስክናገር ከወንበሩ አያስነሳኝም።

የቴፒው አለቃችን ሰርቨሩን ማለትም ሰርቪሶቹ የሚኖሩበትን ዋና ኮምፒዩተር፣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከሶኬት ያስነቅለው ነበር። «ማን ይጠቀምበታል?» ይላል። ስክሪን የሌለው ነገር ለእሱ እንደ ባዶ ሳጥን ነው። ማታ ማታ የመረጃ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰርቪስ አለ ብዬ ብነግረው «የማታ አበል ይከፈለዋል?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ጸሐፊዋም አብራ ሳቀች። ጋሽ ተካልኝ አልሳቀም።

ከዚያ ማሻ ተመደብኩ። ማሻ ብርድ ነው፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ሰርቨሩን ግን በፍቅር ሊገድሉት ነበር። የቢሮው ኃላፊ የገዛ እጇ ሥራ የሆነ ነጭ ዳንቴል አልብሳው፣ በላዩ የላስቲክ አበባ አስቀምጣበት ነበር። ትንፋሽ አጥቶ በየቀኑ ይጠፋል። ዳንቴሉን ሳነሳ አኮረፈችኝ። በማግስቱ ስመለስ ሌላ ዳንቴል ለብሶ ጠበቀኝ፤ ያውም የተሻለው። ደመወዙን አልተርከውም፤ ያገኘ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ ባትሪ ለማስገዛት የጻፍኩትም ጥያቄ እኔ ከማሻ ስነሳ ገና በፊርማ ላይ ነበር።

በመጨረሻ ሚዛን ተፈሪ ገባሁ፣ ከገበሬዎች ማኅበራት አንዱ ዘንድ። እዚህ ነው አንጀቴን ያሳረረው ነገር የደረሰው።

ማኅበሩ ከሸኮና ከሸዋ ቤንች ገበሬዎች እሸት ቡና ይረከባል። የሚዛን ክፍሉ ሠራተኛ አስቴር ትባላለች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቿን በዚህ ሥራ የምታሳድግ፣ ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምር ሴት። ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ አስቴር ስሙንና ኪሎውን ታስገባለች፣ ደረሰኙ ታትሞ ይወጣል። መረጃው ደግሞ በሽቦ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ እዚያ ሰርቨሩ ላይ መዝጋቢ የምንለው ሰርቪስ ተቀብሎ በአንድ የውጭ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ደረሰኙ የሚታተመው መዝጋቢው ተቀብያለሁ ሲል ብቻ ነው። ዲስኩ ከሰርቨሩ ጎን በገመድ የተንጠለጠለች የሳሙና ሣጥን የምታክል ጥቁር ነገር ናት።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ሥርዓቱን የተከለው ባለሙያ ሲሄድ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ብርሃኑ ሁለት ነገር አስጠንቅቆታል፤ ሰርቨሩ እንዳይጠፋ፣ በዲስኩ ላይ ያለው መረጃም እንዳይጠፋ። አቶ ብርሃኑም ሁለቱንም ትእዛዝ ቃል በቃል ያከብራል። እዚህ አገር ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅሎ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ መብረቅ ስንቱን አቃጥሏል። ስለዚህ ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር አቶ ብርሃኑ ከወንበሩ ተነስቶ ዲስኩን በገዛ እጁ ይነቅልና ብረት ካቢኔው ውስጥ ይቆልፍበታል። ሰርቨሩን አይነካም፤ እንዳይጠፋ ተብሏላ። ሰርቨሩ በባትሪ እየሠራ ይቀጥላል። ዝናቡ ሲያባራ ዲስኩን ይመልሳል። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለእሱ ማታ ጫማ እንደማውለቅ ነው፣ ማን ያወራዋል?

ዝናብ በበዛበት አንድ የለቀማ ወቅት መሐል ላይ ገበሬዎች ደረሰኝ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ደረሰኙ አለ፣ ቡናው ግን ኮምፒዩተሩ ላይ የለም። ደረሰኞቹ ሁሉ ከአስቴር እጅ የወጡ ናቸው። አቶ ብርሃኑ ወዲያው ፈረደ፤ ያልመጣ ቡና እንደመጣ አድርጋ ደረሰኝ ትሰጣለች፣ ከገበሬዎቹ ጋር ትካፈላለች አለ። የሚዛን ክፍሉን ቁልፍ ተቀብሎ ከሥራ አገዳት፤ ጉዳዩንም ለፖሊስ ከማስተላለፉ በፊት ኮሚቴ እንዲያየው አደረገ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አልኩ። ግን አይጧ የት እንዳለች አላውቅም ነበር።

አስቴር ቤቴ ድረስ መጣች። አልቀመጥም አለች።

«ጋሽ ጌታቸው፣ እኔ የመዘንኩትን ነው ያስገባሁት። ልጆቼ ትምህርት ቤት 'የሌባ ልጅ' ተብለዋል። ማሽኑን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ ጠይቅልኝ።»

ጠይቅልኝ ማለቷ ደስ አለኝ። ሌላው ሰው ሁሉ «ጠግንልኝ» ነው የሚለኝ።

በማግስቱ የመዝጋቢውን ፋይል ከፈትኩና እጄን ከወንበሩ ጀርባ አጣምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የቢሮው ሰው ሁሉ አበደ ብሎ አየኝ። ፋይሉ ሥርዓት ያለው ነው። ሽቦው ከተያያዘ በኋላ ተነሳ ይላል። የምትሠራው ፕሮግራም ይህ ነው ይላል። ብትወድቅ ሁልጊዜ እንደገና ተነሳ ይላል። ከላይ እስከ ታች አንድ ስህተት የለም። ከዚያ ያ የሚያናድደኝ የጋሽ ተካልኝ ጥያቄ መጣብኝና የቀረውን ፈለግኩ። የቀረው ስለ ዲስኩ የሚናገር መስመር ነው። «ዲስኩ ከሌለ አትነሳ» የሚለው ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስክ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያያዝ በአንድ ፎልደር ላይ ይነጠፋል። መደብ ላይ ሰሌን እንደማንጠፍ ነው። ሰሌኑ ካለ የምታስቀምጠው ሁሉ ሰሌኑ ላይ ያርፋል፤ ሰሌኑ ሲነሳ መደቡ ላይ ያርፋል። ተመልሶ ሲነጠፍ መደቡ ላይ የነበረው አይታይም፤ አልጠፋም፣ ሥር ነው። ዲስኩ ሲነቀል መዝጋቢው የሚጽፍበት ጠፍቶት ይወድቃል። ፋይሉ ሁልጊዜ ተነሳ ብሎታልና ወዲያው ይነሳል፤ ፎልደሩን ባዶ ያገኘዋል፤ ደግ ሠራተኛ ነውና ምንም ሳይጠይቅ እዚያው መጻፍ ይጀምራል። ለአስቴርም ደረሰኙን ያትምላታል። ዲስኩ ሲመለስ የዚያ ከሰዓት በኋላ ቡና ሁሉ ሥር ይቀራል። ዲስኩን ማን እንደሚነቅለው ግን ገና አልገባኝም ነበር፤ ገመዱ የላላ መስሎኝ ነበር።

በደስታ ሰክሬ፣ ሰርቨሩ ባለበት ቢሮ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው ራሱ አቶ ብርሃኑ ነው። አጠገቡ የገበሬዎቹ ተወካይ አቶ ማሞ ተቀምጠዋል፤ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዩ የሸኮ አዛውንት። ዲስኩን እንደ ሰሌን ከፎልደሩ ላይ አነሳሁና ከሥር ያለውን ፎልደር ከፍቼ አሳየኋቸው። ስሙ፣ ኪሎው፣ ሁሉም አለ። አንድም ደረሰኝ አልጎደለም።

«ይኸው ቡናው!» አልኩ።

አቶ ብርሃኑ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ አየና ጠረጴዛውን መታ።

«አያችሁ! ከሥር ደብቃዋለች!»

«ማን? አስቴር?»

«ታዲያ ማን? ራሱ ሄዶ ተደበቀ? እስካሁን አልመዘነችም ብለን ነበር የምናስበው። ለካ መዝና ነው የደበቀችው። ይህ የባሰ ነው!»

ዕድሜዬን ሙሉ ስለማይታይ ነገር ስናገር የሚሰማኝ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን የማይታየውን ነገር ባሳይ ጊዜ ማሳየቴ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ሴትዮዋ ላይ ዞረባት። ወደ ሚዛን ክፍሉ የሚሄደው ሽቦ መረጃ ከመላክ በቀር ፎልደር አይነካም አልኩ። ሰርቨሩ ያለው በእርስዎ ቢሮ ነው፣ እሷ እዚያ አትገባም አልኩ። ሰሌኑን ነገርኩ፣ መደቡን ነገርኩ። «ሰሌን ምን አመጣው?» አለኝ አቶ ብርሃኑ። ጉባኤው ተበተነ። ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀው አስቴር ፊቴን አይታ ነገሩ ገባትና ተነስታ ሄደች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተሸነፍኩበት ቀን የለም፤ ትክክል ሆኜ፣ አሳይቼ፣ እሷን ይበልጥ ከሰስኳት።

አቶ ማሞ ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ ብዙ ተናገርክ» አሉኝ። «እኔ አማርኛህ አልጠፋኝም፣ ነገሩ ነው የጠፋኝ። ሲጠፋ አሳየኝ እንጂ ከጠፋ በኋላ አታሳየኝ።»

ለሁለተኛው ጉባኤ ያንን ይዤ ገባሁ። አስቴር እንደታገደች ነው፣ ዛሬም ደጅ አግዳሚው ላይ ትጠብቃለች፤ የሚዛን ክፍሉም ቁልፍ በአቶ ብርሃኑ ኪስ ነው። የዲስኩን ገመድ ራሴ ነቅዬ ላሳያቸው አስቤ ነበር። አላስፈለገኝም። ገና ንግግሬን ስጀምር ከሸኮ በኩል ሰማዩ ጓ አለ። አቶ ብርሃኑ ዓረፍተ ነገሬን ሳያስጨርሰኝ ተነሳ፤ ወደ ሰርቨሩ ሄደ፤ ዲስኩን ነቀለ፤ ካቢኔው ውስጥ ቆልፎ ተመልሶ ተቀመጠና «እሺ፣ ቀጥል» አለኝ።

ለካ አይጧ ሰብሳቢ ናት።

«አቶ ብርሃኑ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«ምን?»

«ዲስኩን።»

«መብረቅ ይብላው ልልህ ነው? ማኅበሩ ሀብቱ እዚያ ነው ያለው!»

ልጮህበት ነበር፤ ጥርሴን ነከስኩ። «እንግዲያው አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ» አልኩ። «ሚዛን ክፍሉን ይክፈቱና አንድ ጊዜ ይመዝኑ። እርስዎ ራስዎ። አስቴር በሩን እንኳ አታልፍም።»

በዝናብ እየሮጥን ሚዛን ክፍል ገባን። የሚመዘን ቡና አልነበረም። አቶ ማሞ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አዩትና «እሱ ራሱ ይውጣ» አሉ። አቶ ብርሃኑ የጆንያው ሚዛን ላይ ወጣ። ስሙን ራሱ አስገባ፣ ቁልፉን ራሱ ተጫነ። ደረሰኙ ወጣ፤ ብርሃኑ፣ እሸት ቡና፣ ኪሎው ይህን ያህል። ሳቅ አለና ኪሱ ከተተው።

ዝናቡ ሲያባራ ዲስኩን ከካቢኔው አውጥቶ መለሰው። መዝገቡን ከፈትኩ። ፈለግን። የለም።

«ደግመህ ፈልግ» አለ።

ደግሜ ፈለግኩ። ብርሃኑ የሚባል የለም። ሰውየው እጁን ኪሱ ከቶ ደረሰኙን አወጣ፤ አየው፤ ስክሪኑን አየው። ከዚያ ዲስኩን ከፎልደሩ ላይ አነሳሁት። ከሥር፣ ከዚያ ሁሉ የገበሬ ስም በታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ ብርሃኑ ከነኪሎው ተጋድሟል።

አቶ ማሞ ረጋ ብለው «አይ ጋሼ» አሉ፣ «እርስዎንም አስቴር ደበቀችዎት?»

ክፍሉ ውስጥ ያልሳቀ የለም። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ንዴቱ አልበረደልኝም ነበር።

ፋይሉን ቀድቼ አስቀመጥኩና አንዱን መስመር ጨመርኩ፤ ዲስኩ ከሌለ አትነሳ። ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ሲመጣ አቶ ብርሃኑ ዲስኩን ይነቅላል፣ መዝጋቢውም ይቆማል፣ ሚዛን ክፍሉም ደረሰኝ አያትምም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ሁሉም ቁጭ ይላል። ልክ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድሮ በዝናብም ይሠራ ነበር፣ አንተ ነክተህ አበላሸኸው!» ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይህንኑ ሲለኝ ኖረ።

የአስቴር ነገር ግን እዚያ ጉባኤ ላይ አላለቀም። ከአግዳሚው ተጠርታ ገባች። አቶ ብርሃኑ ጉሮሮውን ጠራረገና «ኮሚቴው ጉዳዩን አይቷል። ይቅር ብለንሻል፣ ሰኞ ሥራሽን ጀምሪ» አላት።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አስቴር እጇን አጣምራ ቆማ ነበር፤ እጇን ፈታች።

«ምን አድርጌ ነው ይቅር ያላችሁኝ?»

አቶ ብርሃኑ ፊቱ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

«እኔ የበደልኩት የለም። ይቅር የምለው እኔ ነኝ፤ ማንም ግን እስካሁን አልጠየቀኝም» አለችና ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ትቀራለች ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ሚዛኗ ጋ ቆማ አገኘኋት። ልጆች አሏት፣ ለኩርፊያ የሚሆን ጊዜ የላትም። አቶ ብርሃኑ በበሩ ሲያልፍ «እንዴት አደርሽ?» ይላል፤ እሷ «ቀጥሎ!» ብላ ገበሬ ትጠራለች። በየጠዋቱ ይህ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ በሌላ በር መግባት ጀመረ፣ ቀጥሎ ከሳ። ለቀማው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን፣ ሰልፉ እስከ አጥሩ በር በተዘረጋበት ሰዓት፣ ባርኔጣውን አውልቆ ሚዛን ክፍሉ ገባ። እኔ የማተሚያውን ወረቀት እየቀየርኩ ነበር።

ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ «አስቴር፣ ሌባ ብዬሻለሁ» አለ። «አልሰረቅሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አስቴር ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በጣቷ የሰልፉን መጨረሻ አሳየችው።

«እዚያ ይጠብቁኝ፣ ጋሼ። እነዚህ ቀድመዎት መጥተዋል።»

አቶ ብርሃኑ ሄዶ ከመጨረሻው ጆንያ ኋላ ቆመ። እሷም አልቸኮለችም፤ እያንዳንዱን መዘነች፣ እያንዳንዱን ስም ጠራች፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ በእጅ ሰጠች። ተራው ሲደርስ ባዶውን ሚዛን በጨርቅ ጠረገችውና «እሺ» አለችው፣ «አሁን ይንገሩኝ።»